በሳንባ እጢ ውስጥ የታየ ጥቁር ቀለምና በጉበት ውስጥ የተጠራቀመ ስብ፦ የፓቶሎጂ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «እናቴ 64 ዓመታቸው ነው። ወደ ኮንዶሚኒየም እስክንዛወር ድረስ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በጋራ ማድቤት ውስጥ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ እንጀራ እየጋገሩ፣ እየሸጡ ነው ያሳደጉን። ወራት ያስቆጠረ ሳል ስላስቸገራቸው ሲቲ ስካን ተነሡና ከሳንባቸው አጠገብ ያበጠ እጢ ታየ። በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ወደ አየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከተወሰደው ናሙና የመጣው ውጤት ‹አንትራኮቲክ ቀለም የያዙ ማክሮፌጆች ታይተዋል፤ የካንሰር ሕዋስ አልታየም› ይላል። በዚያው ሰሞን በአልትራሳውንድ ጉበታቸው ላይ የስብ ክምችት እንዳለ ተነግሮናል። ይህ ቀለም ካንሰር ነው? ወደ ካንሰርስ ይለወጣል? ጎረቤቶች ወተት ያጥበዋል ይላሉ፤ እውነት ነው? ደም አንሷቸው የብረት ክኒን ስለሚወስዱ ክኒኑ ክምችቱን ያባብሰው ይሆን? የሳንባውና የጉበቱ ነገርስ ይገናኛል?»

የተከበሩ ጠያቂ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። እኔ የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ፤ ከቸርችል ጎዳና ብዙም በማይርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሕሙማን የሚወሰዱ ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ መመርመር የዕለት ሥራዬ ነው። የእናትዎን ናሙና ራሴ ስላላየሁት የምመልሰው በጻፉት ውጤት ላይ ተመሥርቼ ነው። አንትራኮቲክ የተባለው ቀለም ካንሰር አይደለም፤ ቀለሙ ራሱም ወደ ካንሰር አይለወጥም። ይሁን እንጂ ቀለሙ መገኘቱ እናትዎ ለምን እንደሚያስሉ በቂ መልስ አይሰጥም። በሪፖርት ላይ የሚጻፍ የቀለም ስም የበሽታ ስም አይደለም፤ ምን ወደ ሰውነት እንደገባ ወይም ምን ሳይወገድ እንደቀረ የሚናገር ምልክት ነው። ምልክቱ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ሕዋስ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ምን ያህል እንደሆነና የያዘውን ሕዋስ እየጎዳ መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው።

በእናትዎ እጢ ውስጥ የታየው ቀለም ጥቀርሻ ነው። በዚያ የጋራ ማድቤት ጣሪያና ግድግዳ ላይ ለዓመታት ሲጋገር የኖረው ያው ጥቀርሻ ከትንፋሽ ጋር ገብቶ ሳንባ ውስጥ ቀርቷል። እርጥበት ያልለቀቀው ቅጠልና ጭራሮ በደንብ ሳይነድ ሲጨስ እጅግ ደቃቅ የካርቦን ብናኝ ይወጣዋል። ተለቅ ያለው ብናኝ በአፍንጫና በአየር ቧንቧ ንፍጥ ላይ ተለጥፎ በአክታ ስለሚወጣ፣ ሲጋግሩ የዋሉ እናቶች አክታቸው ጠቁሮ ያዩታል። ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ግን እስከ መጨረሻዎቹ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ማክሮፌጅ የሚባሉ፣ ባዕድ ነገር እየዋጡ ሳንባን የሚጠብቁ ሕዋሳት ይቀበሉታል። ማክሮፌጅ የዋጠውን ባክቴሪያ የሚፈጭበት ኢንዛይም አለው፤ ካርቦንን የሚፈጭበት ግን የለውም። ስለዚህ ብናኙን በውስጡ እንደያዘ ይቀመጣል፤ ከፊሉም ከሕዋሳት መካከል ፈሳሽ በሚሰበስቡት የሊምፍ ቧንቧዎች ተጉዞ በአየር ቧንቧዎች መጋጠሚያ አካባቢ ወዳሉት የሊምፍ እጢዎች ይደርሳል። በሲቲ ስካኑ ላይ የታየው እጢ ከእነዚህ አንዱ እንደሚሆን እገምታለሁ። የመኪና ጭስ እየተነፈስን የምንኖር የከተማ ሰዎችም ሳንባችን ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ አያጣውም፤ ለብዙ ዓመታት ምድጃ ሥር ለተቀመጠች እናት ግን መጠኑ እጅግ ይበዛል።

ማክሮፌጅም ዕድሜ አለው፤ ሲሞት ካርቦኑን ይለቃል፤ አጠገቡ ያለ ሌላ ማክሮፌጅ ደግሞ መልሶ ይውጠዋል። ይህ በዓይን የሚታየው በንቅሳት ነው። ብዙ እናቶቻችን በአንገታቸው ወይም በድዳቸው ላይ የተነቀሱት፣ በመርፌ እየተወጋ ቆዳ ውስጥ የገባ ጥቀርሻ ዕድሜ ልክ ሳይለቅ የሚኖረው የቆዳ ማክሮፌጆች እየተቀባበሉ ስለሚይዙት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባሳተሙት ጥናት ቀለሙን የያዙት ማክሮፌጆች ሆን ተብሎ እንዲሞቱ ሲደረግ ንቅሳቱ እንዳልጠፋ፣ በምትካቸው የመጡት አዳዲስ ማክሮፌጆች ያንኑ ቀለም እንደዋጡት አሳይተዋል። በሳንባ ውስጥ የቀረው ጥቀርሻም በተመሳሳይ መንገድ ይኖራል።

ወተትን በተመለከተ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ይህ እምነት በማድቤት ብቻ ሳይሆን በማተሚያ ቤቶች፣ በቀለም ቀቢዎችና በጋራዥ ሠራተኞች ዘንድም የተለመደ ነው። ወተት በጉሮሮ ወርዶ ወደ ጨጓራ ይገባል፤ የሳንባ መንገድ ሌላ ነው፤ በደም በኩል የሚደርሰው የወተት ንጥረ ነገርም ማክሮፌጅ ውስጥ ያለን ካርቦን የማሟሟት ኃይል የለውም። እናትዎ ወተት ከወደዱ ለምግብነቱ ይጠጡ። የሚያሳስበኝ ሠራተኞች ወተት ጠጥተናል ብለው የአፍ መሸፈኛና የአየር መውጫ ሳይኖራቸው በአቧራና በጭስ ውስጥ መሥራታቸው ነው። ካርቦኑን ከሳንባ የሚያወጣ መድኃኒትም የለም፤ «ሳንባ ያጸዳል» ተብሎ በሚሸጥ ማናቸውም ነገር ላይ ገንዘብዎን እንዳያባክኑ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ ልመልስዎ፤ ምክንያቱም እጢ ውስጥ የተገኘ ጥቁር ነገር ሁሉ ካርቦን አይደለም። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር፣ በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ ከውስጥ እግር የሚነሣው፣ ወደ ሊምፍ እጢዎች ሲሰራጭ ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ቡናማ ቀለም ይዞ ሊታይ ይችላል። ካርቦን እንደ ከሰል ድቃቂ ድፍን ጥቁር ሆኖ፣ ኒውክሊየሱ በተለመደው በማክሮፌጅ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ጥርጣሬ ካለ ከናሙናው የተቆረጠው ስስ ሽፋን በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይታጠባል፤ ሜላኒን በዚህ እጥበት ይነጣል፣ ካርቦን ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ሌላው የሚያሳስተን ናሙናው የሚቀመጥበት ፎርማሊን ነው። አሲድነቱ ያልተስተካከለ ፎርማሊን ደም ካለበት ናሙና ጋር ሲቆይ ቡናማ ጥቁር ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ይህ ዝቃጭ በሰውየው ሰውነት ውስጥ ያልነበረ ቢሆንም የወባ ቀለም ሊመስል ይችላል። በከተማችን ናሙናውን በጠርሙስ ይዞ ከሆስፒታል ወደ ላቦራቶሪ በታክሲ የሚሄደው ብዙ ጊዜ የታማሚው ቤተሰብ ስለሆነ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፦ ፎርማሊኑ አሲድነቱ የተስተካከለ 10 ከመቶ ሊሆን፣ መጠኑም የናሙናውን 10 እጥፍ ያህል ሊሆን ይገባል። ጠርሙሱ ውስጥ ሥጋው ግማሽ ወጥቶ ከታየ ወይም በውኃ ወይም በግሉኮስ ብቻ ከተቀመጠ እንዲስተካከል ከመጠየቅ አይፈሩ።

ካርቦን ከሞላ ጎደል ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው። ሁሉም ብናኝ ግን እንዲህ አይደለም፤ ማክሮፌጅ የዋጠው ነገር ምንነት ውጤቱን ይለውጠዋል። ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች የሚተነፍሱት የሲሊካ አቧራ የዋጠውን ማክሮፌጅ ይገድለዋል፤ በቦታው ጠባሳ ይተክላል፤ ለቲቢም ያጋልጣል። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንዳጠቃ የሚገመተው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ዝሆኔ፣ የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠሩት ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከሕሙማኑ ብሽሽት በተወሰዱ እጢዎች ማክሮፌጆች ውስጥ ሲሊካና አሉሚኒየም ያለባቸው የአፈር ቅንጣቶችን አግኝተዋል። ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ የሚከላከለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ እናትዎ ለምን ያስላሉ? የሚያስላቸው እጢው ውስጥ ያለው ጥቁረት ሳይሆን አይቀርም ብለው እንዳይደመድሙ። ያ ሁሉ ጭስ የአየር ቧንቧዎችን ለዓመታት አቃጥሎ፣ ንፍጥ የሚያመነጩ እጢዎችን አብዝቶ፣ አንዳንዴም የቧንቧውን ግድግዳ አጠባብቦ ይተዋል። ትንፋሽን በማስነፋት የሚደረገው የስፓይሮሜትሪ ምርመራ ይህን ያሳያል፤ በትንፋሽ የሚሳቡ መድኃኒቶችም ብዙ ይረዳሉ። ጥቀርሻው በብዛት ሲከማች የቧንቧው ግድግዳ ራሱ ጠቁሮ ይጠባል፤ ይህ በተለይ በቀኝ ሳንባ መካከለኛ ክፍል ላይ የሚዘወተር ሲሆን፣ በምስል ሲታይ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ከሁሉ በላይ እንዳይዘነጋ የምፈልገው ቲቢ ነው። የጠቆሩ እጢዎችና ቲቢ አብረው መገኘታቸው በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ የታየ ነው። ከትንሽ ናሙና ውስጥ የቲቢ ምልክት አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ መርፌው ያልነካው ቦታ ላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከአክታቸው ወይም በብሮንኮስኮፒ ከተወሰደው እጥበት ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ተሕዋስ ዘረ መል የሚፈልግ ምርመራ) እና ካልቸር (ተሕዋሱን በላቦራቶሪ ማሳደግ) ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተሠራ ይሠራ።

ካንሰርንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። «አልታየም» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ታየው ናሙና ነው። ጥቀርሻው ራሱ ካንሰር ባይሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ እንጨት ጭስን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ምድብ 2ሀ ውስጥ አስቀምጦታል። ስለዚህ እጢው ከተወሰኑ ወራት በኋላ በድጋሚ ሲቲ ስካን መታየቱ አስፈላጊ ነው፤ ካደገ ተጨማሪ ናሙና ይወሰዳል፤ ባለበት ከቆየ ደግሞ እርስዎም ሐኪሙም ተረጋግታችሁ ትከታተላላችሁ።

የጉበቱ ነገር የተለየ ታሪክ አለው። ስብ ከውጭ የገባ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ጉበት ሁልጊዜ የሚቀበለውና የሚልከው ነገር ነው። የጉበት ሕዋስ ከደም የመጣለትን የስብ አሲድ ትራይግሊሰራይድ ወደተባለው የስብ ዓይነት ይለውጥና ከፕሮቲን ጋር ጠቅልሎ መልሶ ወደ ደም ይለቀዋል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ትርፉ በሕዋሱ ውስጥ በነጠብጣብ መልክ ይጠራቀማል፤ ከጉበት ሕዋሳት ከመቶ 5ቱ ይህን ከያዙ ጉበቱ ስብ አለበት እንላለን። በተለመደው ስላይድ ላይ ስቡን አናየውም፤ ናሙናው ሲዘጋጅ አልኮልና ዛይሊን ስለሚያሟሙት በቦታው ክብ፣ ጥርት ያለ ባዶ ቀዳዳ ነው የምናየው፤ የሕዋሱ ኒውክሊየስም ወደ ዳር ተገፍቶ ይገኛል። ዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች ውፍረት፣ የስኳር በሽታና አልኮል ናቸው። በሌላው ጫፍ ክዋሽዮርኮር የያዘው፣ ፕሮቲን ያጣ ሕፃን ጉበትም በስብ ይሞላል፤ ምክንያቱም ስቡን ጠቅልሎ የሚልክበት ፕሮቲን ያጥረዋል። ጥጋብና ረሃብ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ዓይነት መልክ ማሳየታቸው፣ የክምችትን መልክ ብቻ አይቶ መፍረድ ለምን እንደማይበቃ ያስረዳል።

ለእናትዎ የምመክረው የጾም ስኳር መጠናቸው፣ የኮሌስትሮልና የትራይግሊሰራይድ መጠናቸው፣ የጉበት ኢንዛይሞቻቸው፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራቸው እንዲታይ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ስለሆነ «ስብ ነው» ተብሎ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ክብደታቸው ከፍ ያለ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ከመቶውን በዝግታ መቀነስ የጉበትን ስብና መቆጣት በግልጽ ይቀንሳል፤ 80 ኪሎ ከሆኑ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። የጾም ምግብ በራሱ ጉበት አያወፍርም ብለው አይተማመኑ፤ ዘይት የበዛበት ወጥ፣ ብዙ እንጀራና ስኳር የበዛበት ሻይ በጾምም ስብ ይሆናሉ። ጉበት ያጸዳል ተብለው የሚሰጡ ሥራ ሥሮችን ግን በፍጹም አይስጧቸው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበትን ይጎዳሉ።

ስለ ብረት ክኒኑ የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብረት በእርግጥ ሊከማችና ሊጎዳ ይችላልና። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ፤ በየቀኑ ከአንጀት የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ሰውነት ትርፍ ብረትን ሆን ብሎ የሚያስወጣበት መንገድ ስለሌለው ጥበቃው ሁሉ መግቢያው ላይ ነው። ከጉበት የሚመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን የብረት ክምችት ሲሞላ የአንጀቱን በር ያጠብበዋል፤ ክምችቱ ሲጎድል ደግሞ ይከፍተዋል። ስለዚህ ብረት ጎድሏት ደም ያነሳት ሴት ክኒን ስትወስድ ጉድለቱን ትሞላለች እንጂ በቀላሉ ከልክ አታልፍም። አደጋው ያለው ደም በተደጋጋሚ በሚለገሳቸው ሰዎች ላይ ነው፤ አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ በሩን ሳያንኳኳ በቀጥታ ይገባል። በውርስ የሚመጣው የብረት ክምችት በሽታ በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ የበዛ ነው፤ በደቡባዊ አፍሪካ ደግሞ በብረት በርሜል የተጠመቀ ባህላዊ ቢራ አብዝተው በሚጠጡ ሰዎች ላይ የታወቀ ነው።

ትርፍ ብረት በሕዋስ ውስጥ ሄሞሲደሪን የተባለ ወርቃማ ቡናማ ቅንጣት ይሆናል። ጀርመናዊው ማክስ ፔርልስ እ.ኤ.አ. በ1867 ያስተዋወቀው ማቅለሚያ እስካሁን በየላቦራቶሪያችን አለ፤ ቅንጣቱ ብረት ከሆነ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። እዚህም ቦታው ይወስናል፤ ደም ፈስሶበት በበለዘ ቆዳ ማክሮፌጅ ውስጥ የታየ ሄሞሲደሪን ከጊዜ በኋላ የሚጠፋ ሲሆን፣ የጉበትን ሥራ በሚሠሩት ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የታየው ግን ውሎ አድሮ ጠባሳ ያመጣል። የእናትዎ ክኒን የታዘዘው የፌሪቲን፣ ማለትም የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያመለክተው ፕሮቲን፣ መጠናቸው ተለክቶ ከሆነ በታዘዘው መሠረት ይቀጥሉ፤ ሳይለካ ከሆነ ይለካ። ስብ ያለበት ጉበትና መቆጣት ፌሪቲንን ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ ቁጥሩን ብቻውን አይተው አይደናገጡ፤ ከትራንስፈሪን ሙሌት (በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ ከሚያሳየው ልኬት) ጋር ተያይዞ ይነበብ። በ64 ዓመት ዕድሜ ደም ያነሰበት ምክንያት ራሱ መፈለግ አለበት፤ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚንጠባጠብ ደም እንዳይኖር ይመርመሩ። በሐቅ ለመናገር፣ ከጻፉልኝ ነገር ሁሉ ከሳሉ ቀጥሎ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ከጥቁሩ ቀለም ይልቅ።

ወደፊት ሌሎች ስሞች በሪፖርት ላይ ቢያገኙ እንዳይደነግጡ በጥቂቱ ልጨምር። ሊፖፈሲን በዕድሜ ምክንያት በልብ፣ በጉበትና በአንጎል ሕዋሳት የሚቀር ቡናማ ቀለም ነው፤ በራሱ አይጎዳም። ቢሊሩቢን ሲጠራቀም ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ ይህ አፋጣኝ ምርመራ ይሻል። መዳብ በጉበትና በአንጎል የሚከማችበት የዊልሰን በሽታ በውርስ የሚመጣ፣ በወጣትነት የሚታይና መድኃኒት ያለው ነው። የወባ ተሕዋስያን ሄሞግሎቢን በልተው የሚተዉት ጥቁር ቡናማ ቅንጣትም አለ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተሕዋስ ያገኙት ይህንኑ ቀለም በሕሙማን ደም ውስጥ ሲከታተሉ ነበር።

ሳንባውና ጉበቱ በአንድ በሽታ የተያያዙ አይደሉም፤ አንደኛው ሕዋስ የማይፈጨውን ባዕድ ነገር ይዞ የቀረበት፣ ሁለተኛው የራሱን ነገር መላክ ያቃተው ነው። ለዚህም ነው የመጀመሪያው የማይለቅ፣ ሁለተኛው ግን ሊቀንስ የሚችል የሆነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ የሲቲ ስካኑን ሲዲና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ሁለተኛ አስተያየት ከፈለጉ ላቦራቶሪው ያስቀመጠውን የፓራፊን ብሎክ (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀበረበትን) እና ስላይድ መጠየቅ ይችላሉ፤ ናሙናው እንደገና መወሰድ ሳያስፈልገው ሌላ ባለሙያ ሊያየው ይችላል። እናትዎ አሁንም አልፎ አልፎ በእንጨት የሚጋግሩ ከሆነ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይተኩ፤ መብራት ሲጠፋ ከሰል ወደ ቤት አያስገቡ፣ በተለይም በር ዘግተው። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ያለ ምክንያት የሚወርድ ክብደት ወይም እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።